ልብስ ሰፊዋና የሁለት ሳምንቱ መርፌ

ልብስ ሰፊዋ አርባ ዓመት ሞልቷታል፤ ከዚህ ውስጥ ሠላሳ ስምንቱን ቀንም ሌሊትም ስታክ ነው የኖረችው። ክርኗ፣ አንገቷ፣ የጉልበቷ ማጠፊያ ሁሉ ቀልቶ ይሰነጣጠቃል፤ ሱፍ ስትቆርጥማ አይጣል ነው! ያልቀባችው ቅባት፣ ያልተወችው ምግብ የለም። ደንበኛ፣ "ይተላለፋል እንዴ?" ሲላት፣ "አዎ፣ ለጠያቂ ብቻ" ብላ በሳቅ ታልፈዋለች።

አንድ ቀን ግን ቀልዱ አለቀባት። ሙሽራ ቀሚሷን እየለካች ሳለ፣ ከሰፊዋ የተሰነጠቀ ጣት ደም ነጩ ጨርቅ ላይ ጠብ አለ። ሙሽራዋ ጮኸች። ሰፊዋ ነጠብጣቧን በጥልፍ አበባ ሸፍና ቀሚሱን አስረከበችና በሩን ዘግታ አለቀሰች። ታላቅ እህቷ ይህን ስትሰማ፣ "ተነሺ!" ብላ እየጎተተች ቆዳ ሐኪም ዘንድ ወሰደቻት።

ሐኪሟ አገላብጣ አየቻት። "ይሄ በቅባት ብቻ የሚመለስ አይደለም፤ የቆዳዎ ቁጣ ከውስጥ ነው። በየሁለት ሳምንቱ ከቆዳ ሥር የሚወጋ መድኃኒት አለ፤ ቤትዎ ራስዎን ይወጋሉ።"

"እኔ? ራሴን?"

"ቀኑን ሙሉ መርፌ ይዘሽ አይደል የምትውዪው!" አለች እህቷ።

"እሱ ጨርቅ ነው! ጨርቅ አይጮህም!"

የመጀመሪያዎቹን ሁለት መርፌዎች እዚያው ክሊኒኩ ውስጥ ነርሷ በአንድ ቀን ወጋቻት። ከዚያ መድኃኒቱ ፍሪጅ ውስጥ ከቅቤው አጠገብ ገባ። ተራው ሲደርስ ባሏ ጠዋት አውጥቶ ቅዝቃዜው እስኪለቀው ጠረጴዛ ላይ አኖረው። እሷም ሆዷን ቆንጥጣ፣ ጥርሷን ነክሳ መርፌውን ጫነችው።

"አለቀ?"

"ኧረ ክዳኑንም አልከፈትሽው!" አለ ባሏ።

በሦስተኛው ሳምንት አንድ ጠዋት ባሏ እየነቀነቀ ቀሰቀሳት። "ደህና ነሽ?"

"ተኝቼ ነበር እኮ!"

"እሱ ነው ያስደነገጠኝ።"

ሁሉም ነገር አልጋ በአልጋ አልሆነም። በመድኃኒቱ ምክንያት ዓይኖቿ ቀልተው ሲቆጠቁጧት ሐኪሟ ጠብታ አዘዘችላት። አንገቷ ላይ አንድ ግትር ቦታ ስለቀረ ቅባቷንም አልተወችም። በአራተኛው ወር ግን ክርኗ የሰው ክርን መሰለ። "መቼ ነው የማቆመው?" ብትል ሐኪሟ፣ "ገና ነው፤ ሲቆም ሊመለስ ይችላል። እየተያየን እንወስናለን" አለቻት።

ያን ሰሞን ከተረፈ ጨርቅ ለራሷ እጅጌ የሌለው ቀሚስ ሰፋች፤ በሕይወቷ የመጀመሪያው። ለብሳ መስታወት ፊት ስትቆም ብብቱ ላይ ሰፍቷታል።

"የማን ስፌት ነው ይሄ?" ብላ ተቆጣችና አውልቃ መፍታት ጀመረች።