ያልቀመስነው ሽሮ

ሰባተኛ ክፍል ትምህርቴን አቋርጬ ቢቸና አንድ ሆቴል ወጥ ቤት ገባሁ። አብራኝ የምትሠራው ልጅ የሞጣ ሙስሊም ናት። እናቷ ዓይናቸው ደክሟል፤ ሞጣ ሆነው የሚኖሩት እሷ በምትልክላቸው ነው።

ሁለታችን የራሳችን ደንብ ነበረን። የሥጋ ወጥ ስትሠራ፣ ከብቱ በክርስቲያን እጅ የታረደ ስለሆነ እሷ አትቀምስም፤ እኔ እቀምስላታለሁ። ረቡዕና ዓርብ እኔ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ስለምጾም ሽሮውን እሷ ትቀምስልኛለች። ይህን ማንም አያውቅም ነበር።

ዘንድሮ ሁዳዴና ረመዳን አንድ ላይ ገቡ። ቀማሽ አጣን። አንድ ቀን የምሳው ሽሮ ጨው ያልገባበት መስሎኝ ጨመርኩ፤ እሷ ለካ ቀድማ አድርጋበታለች። እንግዳው ሁሉ ሳህኑን መለሰ።

የሆቴሉ ባለቤት እትዬ እየጮኹ ገቡ።

“ማን ነው ይህን የቀመሰ?”

“ማንም አልቀመሰም፣ እትዬ። ሁለታችንም ጾመኞች ነን” አለች ጓደኛዬ።

“እሷስ ሁዳዴ ይዛ ነው!”

“እኔስ ጠግቤ ነው እንዴ?”

“ምላስሽ ለወጥ ሲሆን አይሠራ፣ ለመልስ ሲሆን ሰይፍ ነው! የማይቀምስ እስላም ወጥ ቤቴ ምን ያደርግልኛል? ከነገ ጀምሮ እንዳትመጪ!”

ወደ እኔ ዞረው “ልጄ፣ ድስቱን ድፊው” አሉኝ። ጨው የጨመርኩት እኔ ነኝ ማለት ነበረብኝ። ድስቱን ደፋሁ።

በማግስቱ ጓደኛዬ የወረዳው የሠራተኛ ጉዳይ ቢሮ ስትሄድ ብቻዋን እንዳትሆን አብሬያት ሄድኩ። የተቀበለን ሰውዬ ነገሩን ሰምቶ እስክሪብቶውን አስቀመጠ።

“ሠራተኛን በሃይማኖቷ ምክንያት ማባረር ሕጉ ይከለክላል። ግን ሴትዮዋ ‘በጨው ነው’ ቢሉስ? ያንኑ አጥፍታ ያልተባረረች ሌላ ሠራተኛ አለች?”

ጓደኛዬ ወደ እኔ አልዞረችም። ብትዞር ይቀለኝ ነበር። የነጠላዬን ጥለት ይዤ “አለች” አልኩ።

“ድምፅሽን ከፍ አድርጊ፣ እኅቴ። ማን ናት?”

“እኔ ነኝ። እኔም አልቀመስኩም። ጨውም ደግሜ ጨምሬበታለሁ።”

ጻፈው። ፈረምኩበት።

ደጅ ስንወጣ “አንቺዬ፣ አንቺ ነሽ ለካ! እኔ እኮ እጄ ከበደ ብዬ ራሴን ስረግም ነው ያደርኩት” ብላ ሳቀች፤ ሳቋ ሳያልቅ አለቀሰች።

ከሳምንት በኋላ እትዬ ከእኛ ጋር ቢሮው ተጠሩ። ቃሌ ሲነበብላቸው ቀና ብለው አላዩኝም። “ትመለስ” ብለው ፈረሙ።

ሰኞ ተመለሰች። እኔንም አላባረሩኝም፤ ብቻ ትእዛዛቸውን በሌላ ሰው ይልኩብኛል። ቃሌን አልጸጸትበትም። ግን ሌላ ጥፋት እንዳይገኝብን እየተሳቀቅን ነው የምንውለው። ትናንት ጓደኛዬ ብርጭቆ ሰበረች። እትዬ ሳያዩ ስብርባሪውን ለቀምን፤ በሽርጤ ጫፍ ቋጥሬ ወደ ቤቴ ይዤው ሄድኩ።