ሦስት ጊዜ በአማርኛ

እታለም ጠመንጃ የያዘችው ወድዳ አልነበረም። በሰባ አምስት ዓ.ም. ጊምቢቹ አጠገብ ያለው የገበሬ ማኅበራቸው ከየቤቱ አንድ ሰው ለመከላከያ ጓድ እንዲወጣ ሲወስን፣ ባሏ ኤሊያስ ለሚሊሺያ ተመልምሎ ወደ ሰሜን ከተወሰደ ዓመት ሊሞላው ሁለት ወር ቀርቶት ነበር። ቤት የቀሩት እሷና አማቷ ናቸው። አማቷ ወገባቸው ጎብጦ ከእንሰቱ ጓሮ አልፈው መሄድ የተሳናቸው ሽማግሌ ነበሩ። ጸሐፊው መዝገቡን ይዞ ሲመጣ «እኔን ጻፈኝ» አለችው። ሴት መመዝገብ ይቻል እንደሆነ ሊቀመንበሩን ጠይቆ ተመለሰና ጻፋት። ሃያ አራት ዓመቷ ነበር።

የሚጠበቀው የማኅበሩ መጋዘን ነው። ማዳበሪያና የስንዴ ዘር ይቀመጥበታል። ከአራት ዓመት በፊት የጸሎት ቤት ነበር፤ እታለምና ኤሊያስም የተጋቡት እዚያው ውስጥ ነው። ቤቱ ተወርሶ ወንበሮቹ ከወጡ ወዲህ ያንን የሚያነሣ ሰው አልነበረም። እሷም አታነሣም።

አሠልጣኙ አምሳ አለቃ ተክለጊዮርጊስ ይባላሉ። ከመንዝ የመጡ፣ ኦጋዴን ላይ ግራ እግራቸውን ተመተው የሚያነክሱ፣ ድምፃቸው ግን ሜዳውን የሚሞላ ሰው ነበሩ። ለሃያ አንድ ቀን ከትምህርት ቤቱ ጀርባ በእንጨት ጠመንጃ አሠለጠኗቸው። ዳገቱን ትንፋሻቸው እስኪቆረጥ ያስሮጧቸውና ገና ሳያርፉ ከኋላቸው ሽጉጥ ወደ ሰማይ ይተኩሳሉ። በድንጋጤው መሐል ትእዛዙን በትክክል ያልጮኸ ሰው ዳገቱን እንደገና ይወጣል።

«ሰው ሲደነግጥ ያሰበውን አይሠራም» ይሏቸው ነበር። «እጁና አፉ የለመዱትን ነው የሚሠራው። አሁን አስለምዷቸው።»

አፋቸው የሚለምደው «ቁም፣ እጅ ወደ ላይ» የሚለውን ነው፤ ሦስት ጊዜ። ሦስተኛው ሳይነገር ጣት ቃታ ውስጥ አይገባም። ሰውዬው ከቆመ ጓደኛህ ቀርቦ ይፈትሸዋል። ካልቆመና መሣሪያ ካነሣ ግን አንድ ጊዜ፣ ደረቱ ላይ። አምሳ አለቃው በዚህ ነገር ጥንቁቅ ነበሩ። በመጨረሻው ሳምንት በካርቶን የሰው ምስል እየሠሩ፣ አንዱን ጠመንጃ አንዱን ዶማ እያስያዙ፣ ከአጥር ጀርባ ብቅ ያደርጉ ጀመር። ብዙዎቹ ዶማ የያዘውን ተኮሱበት። እታለም አንድም ጊዜ አልተሳሳተችም። አምሳ አለቃው ሰልፉ ፊት አቁመዋት ዐይን ያላት እሷ ናት ብለው አመሰገኗት።

የሚያስቸግራት አማርኛው ነበር። መመሪያው የተጻፈው በአማርኛ ነው፤ አምሳ አለቃውም ሌላ ቋንቋ አያውቁም። የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ሲመጣ አማቷን ፊደል ያስቆጠሯቸው በሀዲይኛ ነበር፤ የጠመንጃው ትምህርት ግን በአማርኛ ብቻ ሆነ። እሷ ደግሞ ያላት አማርኛ አራተኛ ክፍል ድረስ የተማረችውና ገበያ ላይ የለቀመችው ነው። «ቁም» ስትል አወጣጧ አብረዋት የሚሠለጥኑትን ያስቃቸው ነበር። ስለዚህ ቤቷ እንሰት ስትፍቅ፣ ውሃ ስትቀዳ፣ ላሟን ስታልብ ቃሉን ለብቻዋ ትደጋግመው ጀመር። በሃያ አንደኛው ቀን የሚስቅባት አልነበረም። ቃሉ ሳትፈልገው ከአፏ ይወጣ ነበር።

በሐምሌ መጀመሪያ የታጠቁ ሰዎች የጎረቤት ማኅበር መጋዘን ገብተው ዘሩን ወሰዱ፤ ዘበኛውንም ገደሉት። ዘበኛው አብሯት የሠለጠነ ልጅ ነበር። መጀመሪያ ወደ እሱ የመጣው ሰውዬ ጋቢ ለብሶ እንደነበር፣ መሣሪያውንም ጋቢው ውስጥ እንደያዘው ተወራ። ከዚያ ወዲህ ጋቢ የለበሰ ሰው በመንገድ ባለፈ ቁጥር የእታለም ዐይን መጀመሪያ እጁን ይፈልግ ጀመር። አገሩ ሁሉ ደግሞ በክረምት ጋቢ ለባሽ ነው።

ነገሩ የሆነው በሳምንቱ ሐሙስ፣ ከረፋዱ አራት ሰዓት ላይ ነው። ጠዋት አንድ መልእክተኛ መጥቶ ከሸንተረሩ ማዶ ሦስት የማይታወቁ ሰዎች ታይተዋልና ተጠንቀቁ ብሏቸው ሄደ። ከሆሳዕና ማዳበሪያ ያመጣው የጭነት መኪና አራግፎ ጨርሷል። ሾፌሩ ወልደየሱስ ዝናቡ መንገዱን ሳይዘጋው ልመለስ ብሎ ሞተሩን አስነሥቷል። የእታለም የጥበቃ ጓደኛ ሽብሩ ከመጋዘኑ ጀርባ ነበር፤ ከፊት ለፊት እሷ ብቻ ነበረች።

ከወንዙ በኩል ባለው አቀበት አንድ ሰው እየሮጠ ወጣ። ጋቢ ለብሷል። ቀኝ እጁ ጋቢው ውስጥ ነው፤ ከጋቢው ሥር አንድ ጥቁር ቀጥ ያለ ነገር ጫፉ ይታያል። ወደ መኪናው እየሮጠ ነበር። እታለም ጠመንጃዋን አነሣችና ጮኸች።

«ቁም። እጅ ወደ ላይ።»

ሰውዬው ቀና ብሎ አያት፤ ሩጫውን ግን አላቆመም። ደገመችው። መኪናው መንቀሳቀስ ጀመረ። ሰውዬው አንድ ነገር እየጮኸ ነበር፤ ለእሷ ግን ድምፁ አልተሰማትም፤ የሞተሩም ድምፅ ጠፍቶባት ነበር። ከጥቁሩ ነገር በቀር የሚታያት አልነበረም። ሦስተኛውን ስትጮህ ሰውዬው እጁን ከጋቢው አወጣና ያንን ነገር ወደ ፊት ዘርግቶ ወደ ላይ አነሣው። ጣቷ ቃታው ውስጥ ገባ። አንድ ጊዜ ተኮሰች።

የወደቀው ዣንጥላ ነበር። ጭቃው ላይ ገሚሱ ተከፍቶ አየችው፤ ለጊዜው ግን ምን እንደሆነ መለየት አቃታት። ወልደየሱስ ፍሬን ይዞ ወረደ። ሽብሩም ከጀርባ ሮጦ መጣ። ሰውዬው ባፈና የሚባል ከወንዙ ማዶ ያለ ገበሬ እንደሆነ ያወቀው እሱ ነው። እታለም ጠመንጃውን ጥላ ተንበረከከች። ነጠላዋን አጣጥፋ ሆዱ ላይ ተጫነችው።

ባፈና አልጮኸም። ዐይኑ መኪናው ላይ ነበር። በሀዲይኛ ማንንም ሳይለይ ተናገረ።

«መኪናውን አስቁሙልኝ። ሚስቴን በቃሬዛ እያመጧት ነው። ምጥ ከያዛት ሁለት ቀኗ ነው።»

«ቆሟል» አለችው እታለም በዚያው ቋንቋ። «አይሄድም። ይጠብቃታል።»

ያን ጊዜ ነው ፊቷን ያየው። ትንሽ ሲያያት ቆየ።

«የኛ ልጅ ነሽ እንዴ?»

«አዎ።»

«ታዲያ ለምን አልነገርሽኝም?» አላት።

ሲናገር ቁጣ አልነበረውም። በእውነት የሚጠይቅ ሰው ድምፅ ነበር። እታለም ነጠላውን ይበልጥ ተጫነችው። መንገድ ዳር ቢያገኛት፣ ሰላምታ ብትሰጠው፣ ላሟን ብትቆጣ፣ ቢያማት፣ በምትናገርበት ቋንቋ «ቁም» ማለት እንዴት አንድም ጊዜ አልመጣላትም? የአንድ ቃል ጉዳይ ነበር።

ተሸካሚዎቹ ጥቂት ቆይተው ደረሱ። ቃሬዛው ላይ ያለችው ጣቢታ ምጥ አድክሟት ዐይኗን አልገለጠችም። ባልና ሚስቱን አንድ መኪና ላይ ጫኗቸው፤ እሷን ከፊት ሾፌሩ ጎን፣ እሱን ከኋላ ባዶ ጆንያዎች ላይ። እታለም ማንም ሳይጠይቃት ከኋላ ወጣች። ነጠላውን ተጭናበት፣ ዝናቡ እንዳይመታው በጀርባዋ ከልላው ተቀመጠች። ሆሳዕና ሊገቡ ትንሽ ሲቀራቸው እጇ ሥር ያለው ሆድ ከፍና ዝቅ ማለቱን ተወ። ከፊት የጣቢታ ማቃሰት ይሰማ ነበር። ሐኪም ቤት እንደደረሱ ጣቢታ ሴት ልጅ ወለደች። ባሏ መሞቱን የነገሯት በማግስቱ ነው።

የማኅበሩ ኮሚቴ በሦስተኛው ቀን ተሰበሰበ። ጸሐፊው ያነበበው ወረቀት ጓድ እታለም በመመሪያው መሠረት ሦስት ጊዜ አስጠንቅቃ እንደተኮሰች፣ ጥፋት እንዳልተገኘባትም ይላል። ሊቀመንበሩ ጨበጣት። እሷ ጠመንጃውን ለሽብሩ አስረክባ ወደ ቤቷ ሄደች። ለኤሊያስ ደብዳቤ ልታስጽፍ ተቀምጣ ክረምቱ ደህና መሆኑን፣ ላሟ መውለዷን አስጻፈች። ሌላውን ማስጻፍ አልቻለችም።

አምሳ አለቃ ተክለጊዮርጊስ ከጊምቢቹ በእግራቸው እያነከሱ ቤቷ ድረስ መጡ። ሁሉንም እንድትነግራቸው ለመኗት። ለኮሚቴው ያልተናገረችውን የባፈናን ጥያቄ ለመጀመሪያ ጊዜ ለእሳቸው ተናገረች።

«እኔ ነኝ ያስተማርኩሽ» አሏት። «አንቺ ያልኩሽን ነው የሠራሽው።»

«እሱ ነው የሚያቃጥለኝ» አለቻቸው።

ከኪሳቸው የታጠፈ ወረቀት አውጥተው በሀዲይኛ «ቁም» እንዴት እንደሚባል፣ «እጅህን አንሣ» እንዴት እንደሚባል ጠየቋት። እየነገረቻቸው በፊደል ጻፉት። ሲያነቡት ተሰባበረባቸው። አረመቻቸው፤ እንደገና ሞከሩት። ሦስተኛው ላይ ሲሳካላቸው እታለም ፊቷን በነጠላዋ ሸፍና አለቀሰች። ከዚያ በኋላ የመጡት ሠልጣኞች ሜዳው ላይ በሁለቱም ቋንቋ ይጮኹ እንደነበር ሽብሩ ነግሯታል። ሄዳ አላየችም።

መስከረም ላይ ሽማግሌዎች ገብተው ሁለቱን ቤተሰቦች አስታረቁ። አማቷ ያቺኑ የወለደች ላም ከነጥጃዋ ሰጡ። ጣቢታ እርቁ ላይ አልነበረችም፤ ወንድሟ ነው የተቀመጠላት።

የመጣችው መጋቢት ላይ ነው፣ ልጇን አዝላ፣ ብቻዋን። እታለም እንሰት እየፋቀች ነበር። ጣቢታ ማንነቷን ከተናገረች በኋላ አጠገቧ ተቀመጠች።

«መጨረሻ ላይ ያናገርሽው አንቺ ነሽ ይሉኛል» አለቻት። «ምን አለ?»

እታለም መኪናውን አስቁሙልኝ ማለቱን፣ ስለ ቃሬዛውና ስለ ምጧ መናገሩን ነገረቻት። እዚያ ላይ ማቆም ትችል ነበር። ግን የቀረውንም ነገረቻት፣ ቃል ሳታጎድል። ጣቢታ ሕፃኗን ከጀርባዋ አውርዳ ጭኗ ላይ አስተኛች።

«መኪናው ይጮህ ነበር አይደል?» አለች።

«ይጮህ ነበር።»

«እንግዲያው በየትኛውም ቋንቋ ብትናገሪው አይሰማሽም ነበር።»

ባፈና ጩኸቷን ሰምቶ ቀና ብሎ እንዳያት እታለም ታውቃለች። ጣቢታም ራሷ ይህን ስትናገር ዐይኗን መሬት ላይ ተክላ ነበር።

የበልጉ ደመና ሲከብድ ጣቢታ ልትሄድ ተነሣች። ወንዙ ሳይሞላ መሻገር ነበረባት። እታለም እጇን ታጥባ እስከ ወንዙ ድረስ ልጅቷን ላዝልልሽ ስትል በፍርሃት ጠየቀቻት። ጣቢታ ትንሽ አመነታችና ሰጠቻት። ቁልቁለቱን ሳይነጋገሩ ወረዱ። ሕፃኗ የእታለም ጀርባ ላይ እንቅልፍ ወሰዳት። ወንዙ ዳር ሲደርሱ እታለም ቶሎ መስጠት አቃታት፤ ጣቢታም አልቸኮለችም። ከዚያ ልጇን ተቀብላ አዘለችና ቀሚሷን ሰብስባ ውሃው ውስጥ ገባች።