የሽላይትስ እሑድ

ዛሬ ጠዋት ከአምቢኮ መንደር የመጡ ሁለት ሰዎች ደጄን አንኳኩ። ግቢዬ ውስጥ ተከራይታ የምትኖረው የመምህርት አስናቀች አባት አርፈዋል። «ነገ ጎህ ሲቀድ እርስዎ ይንገሩልን፤ ዛሬ ምሳዋን ትብላ» ብለውኝ፣ እንዳታያቸው ጎረቤት ቤት ገቡ። ዕድሜ ሲገፋ ሥራ የሚበዛው በዚህ በኩል ነው።

በደርግ ጊዜ የትራክተር ጥገና ልንማር ወደ ምሥራቅ ጀርመን ተልከን ነበር። ያኔ ሃያ አንድ ዓመቴ ነው። ታላቃችን ተስፋዬ የሚባል የዳባት ልጅ ሲሆን፣ ሃያ ስድስት ቢሞላው ነው። እኔን ደባርቄውን ሳይተርብ ውሎ አያውቅም። ደባርቅን ጭጋግ ስለማይለያት «እናንተ አገር ፀሐይ የምትወጣው ማመልከቻ ሲገባላት ነው» ይለኝ ነበር።

አንድ እሑድ ጓደኞቼ በሞተር ብስክሌት ውድድር ወደምትታወቅ ሽላይትስ ወደምትባል ትንሽ ከተማ ወሰዱኝ። መወዳደሪያው በሌላ ቀን አውቶቡስ የሚሄድበት ተራ መንገድ ነው፤ ዘግተውት ኩርባው ላይ የገለባ እስር ደርድረዋል። እኛ ለከብት በጋ የምናስቀምጠውን፣ እነሱ ለሚወድቅ ሰው አስቀመጡት። አየሩ የታጨደ ገብስና የተቃጠለ ዘይት ይሸታል።

መሀላቸው አስቀመጡኝ። ቋሊማ በሰናፍጭ አበሉኝ፤ ሳልጨርስ ሌላ መጣ። ተስፋዬ «ብላ እንጂ ወንድሜ» አለኝ። ወንድሜ ብሎኝ አያውቅም። ያን ጊዜ ነው ልብ ያልኩት፤ ከማለዳ ጀምሮ አንዴም አልተረበኝም። የደረት ኪሱን ደጋግሞ ይነካል። በእኛ ልማድ መርዶ በቀጥታ ለባለቤቱ አይጻፍም፣ ለታላቅ ይላካል። አባቴን ልጅ ሆኜ ቀብሬአለሁ። የቀረችኝ እናቴ ብቻ ነበረች።

ምንም አልተሰማኝም። ሞተሮቹ ሲያልፉ ቁጥራቸውን አነበብኩ። አሥራ ሰባት። አራት። ጣቴ ላይ የፈሰሰውን ሰናፍጭ ጠረግሁ። እስኪነግሩኝ ድረስ እናቴ አለች፤ ደባርቅ መናኸሪያ እንደተውኳት ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ ቆማለች።

«እንሂድ፣ አውቶቡስ ያመልጠናል» አለ ተስፋዬ።

«አንድ ውድድር ብቻ እንይ» አልኩት።

ዓይን ዓይኔን አየኝ። ማወቄን ያወቀ ይመስለኛል። «እሺ፣ እንይ» ብሎ ተመልሶ ተቀመጠ። ሦስት ጊዜ ለመንኩት፤ ሦስቴም ተቀመጠልኝ። በማግስቱ ጎህ ሲቀድ አልጋዬ ዳር ቆመው ነገሩኝ። እነሱ አለቀሱ። እኔ ፊቴን ታጥቤ ወደ ወርክሾፑ ሄድኩ። እንባ ማጣቴ ዛሬም ያሳፍረኛል።

ዛሬ አስናቀችን ምሳ ጠራኋት። ጭጋጉ ከተራራው ወርዶ ደጁን ሸፍኖታል። ባለቤቴ ሽሮ አቀረበች። ሁልጊዜ የአስናቀች እጅ ላይ የቀረውን ጠመኔ እያየሁ «ከወፍጮ ቤት ነው የመጣሽው?» እላታለሁ። ዛሬ አፌ እምቢ አለኝ። «ጨምሪ እንጂ ልጄ» ብቻ አልኳት።

እጇ ገበታው ላይ ቆመ። ቀና ብላ ዓይን ዓይኔን አየችኝ።

«እሺ ጋሼ፣ ትንሽ ልጨምር» አለች። ቀስ ብላ መጉረስ ጀመረች።

አስናቀች ገና እየጎረሰች ባለቤቴ ገበታውን ልታነሳ ብድግ ስትል፣ እጇን ይዤ አስቀመጥኳት።