ለኳስ ቡድን የተሳልኩት ዣንጥላ

ሎስ አንጀለስ፣ የሐበሻ ምግብ ቤቶች የተደረደሩበት ፌርፋክስ መንገድ ላይ ምሳ ስበላ፣ ግድግዳው ላይ ያለው ቲቪ የአሜሪካ ፉትቦል ካሳየ እጄን ከትሪው አነሳለሁ። አስተናጋጆቹ ልጆች ይስቁብኛል። «እትዬ ደግሞ ይሄን መቼ አወቁት?» ይሉኛል። ይሳቁ! አንዳቸውም ሳይወለዱ እኔ የዚህን ከተማ ቡድን በጸሎት ተሸክሜዋለሁ።

ባሌ በደርግ ጊዜ ታስሮ የተፈታ ሰው ነው። በሱዳን በኩል አልፈን ሎስ አንጀለስ ስንገባ አካሉ ደህና ነበር፣ አንደበቱ ግን እዚያው እስር ቤት ቀርቷል። «እሺ»፣ «የለም»፣ «ጠግቤያለሁ»፤ በቃ፣ የቀኑ ወሬ ይኸው ነው። ሚራክል ማይል የሚሉት ሰፈር የሰው መኪና ፓርክ ሲያደርግ ይውላል፣ ቤት ሲገባ ግድግዳ ያያል። «ዝም አይነቅዝም» ብሎ የተረተ ሰው የእኔን ቤት አላየም። እኔ ነቅዤ ነበር።

አንድ እሑድ ከቅዳሴ መልስ ምስር ወጥ እያማሰልኩ ነው። ድንገት ከሳሎን «ሂድ! ሂድ! እንዳትቆም!» የሚል ጩኸት ሰማሁ። ሌባ ገባ ብዬ ማማሰያዬን እንደያዝኩ ሮጥኩ። ባሌ ቲቪው ፊት ቆሟል! አንድ ቀጭን ልጅ ኳሷን ብብቱ ስር ወሽቆ ይሮጣል፣ ቁም ሣጥን የሚያህሉ ሰዎች ከኋላው ይወድቃሉ። «አየሽው? አየሽው አንቺ?» አለኝ። ምኑን ልይ! እኔ የማየው የባሌን አፍ ነው። አቤት የእግዚአብሔር ሥራ! ስንት ሐኪም፣ ስንት ጠበል ያልፈታውን አንደበት ስሙን እንኳ የማላውቀው ጎረምሳ ሮጦ ፈታው።

ከዚያ ወዲህ እሑድ እሑድ አጠገቡ ቁጭ እላለሁ። እሱ ያስረዳኛል፣ እኔ የገባኝ እመስላለሁ። ቀስ በቀስ ግን ጨዋታው ራሱ ይገርመኝ ጀመር። አንዱ ኳሷን ማንም ወደሌለበት ሣር አሻግሮ ይወረውራታል። ምን ነካው እላለሁ። ኳሷ ስትወርድ ሰው እዚያ ደርሶ እጁን ዘርግቷል! ገና ያልደረሰን ሰው ይደርሳል ብሎ መወርወር ምን ዓይነት እምነት ነው? ከሰኞ እስከ ቅዳሜ ባሌ ተመልሶ ዝም ነው።

ታኅሣሥ ላይ ፊት ለፊት የምትኖር አሜሪካዊት አሮጊት «ከአሁን በኋላ የተሸነፈ ቤቱ ይገባል፣ ሲዝኑ ያልቅበታል» አለችኝ። ክው አልኩ። የከተማችን ቡድን የተሸነፈ ዕለት የባሌም አፍ ይዘጋል ማለት ነው። ታኅሣሥ ገብርኤል ሲመጣ፣ ሌሎቹ ሴቶች ለልጅና ለግሪን ካርድ ሲሳሉ፣ እኔ «ገብርኤል ሆይ፣ ይሄ ቡድን እንዳይሸነፍ አድርግልኝና ባለ ዘርፍ ዣንጥላ አስገባለሁ» ብዬ ተሳልኩ። ሰው ቢሰማኝ አብዳለች ይለኝ ነበር። ለእኔ ዋንጫ ምን ያደርግልኛል? የለመንኩት ሌላ እሑድ ነው።

አሸነፉ። ደግሞ አሸነፉ። የመጨረሻውንም ግጥሚያ እንደ ጉድ ረትተው ዋንጫውን ሲያነሱ ባሌ ሶፋው ላይ ቆሞ ይጮሃል፣ እኔ እልልታዬን አቀልጠዋለሁ።

«ታዲያ የሚመጣው እሑድ ከማን ጋር ነው?» አልኩት።

«ከማንም። አለቀ እኮ፣ እስከ መስከረም የለም።»

«እንዴ! አሸነፉ አይደል?»

«ያሸነፈም ያበቃል።»

ወይ ጉዴ! አገር ቤት በእኛ ሰፈር ኳስ የተሸነፈ ይወጣል፣ ያሸነፈ ሜዳው ላይ ይቆያል። እዚህ ያሸነፈም ቤቱ እንደሚገባ ማን ነግሮኝ? ገብርኤልን ሳይቀር ተቀየምኩት።

በሚቀጥለው እሑድ ባሌ በሰዓቱ ቲቪውን ከፈተ። ጎልፍ ነው። አጠፋውና ግድግዳውን ማየት ጀመረ። እኔ ኩሽና ገብቼ በሩን ዘጋሁና አለቀስኩ። ብዙም ሳይቆይ በሩን ከፍቶ ገባ።

«ምን ሆነሻል?»

«እንደገና ዝም ልትለኝ ነው።»

በርጩማውን ስቦ አጠገቤ ተቀመጠ።

«እስር ቤት አንድ ልጅ ነበር» አለኝ። «ቀጭን ነው። አንድ ቀን አጥሩን ዘሎ ሮጠ። ሁላችንም በመስኮት እናየዋለን። ሂድ ልለው ፈለግሁ፣ ድምፄን ከሰሙ ይገድሉኛል ብዬ አፌን ያዝኩ።»

«ደረሰ?» አልኩት።

«አልደረሰም።»

ያን ቀን እስኪመሽ አወራኝ፣ በማግስቱም አወራኝ። ዣንጥላውን አስገባሁ። ባሌ ካረፈም ይኸው ቆይቷል። ዛሬም ቲቪው ላይ አንዱ ኳሷን ይዞ ሲፈተለክ፣ ልጆቹ ይሳቁ እንጂ፣ እጄን ከትሪው አንስቼ ፌርፋክስ እስኪሰማ «ሂድ! እንዳትቆም!» እላለሁ።