የኢቲዳል መናኸሪያ

ኢቲዳል እንቢ ካለች እንቢ ናት። ባምባሲ ውስጥ ይህን የማያውቅ ቢኖር ትናንት የመጣ እንግዳ ብቻ ነው። በአሶሳ መንገድ ዳር፣ በቀርቀሃና በጭቃ ከተሠራው አሮጌ መናኸሪያ በር ላይ ቆሎና ለውዝ ስትሸጥ ነው ያረጀችው። ለውዙ እንጀራዋ ነው፤ ቤቱ ግን ልቧ ነው። በወጣትነቷ ምጥ ይዟት አሶሳ የሚያደርሳትን አውቶቡስ ስትጠብቅ ዶፍ መንገዱን ዘጋው። ልጇን ዐርዋን እዚያው ቤት ውስጥ ተገላገለች። ከዚያ ወዲህ ማንም ሳያዛት ቤቱን ትጠርጋለች።

ባለፈው ክረምት የሣር ክዳኑ ወደ ውስጥ ሰመጠ። የከተማው ግንባታ ኃላፊ ሙሉጌታ ክፉ ሰው አይደለም፤ ጣሪያው ሰው ላይ እንዳይወድቅ ፈርቶ ቤቱ ይፍረስ አለ። ኢቲዳል ቢሮው ደጅ ጠናች። እሱም አዘነላትና ጥቂት ቀን ሰጣት፤ እስከ ረቡዕ ጠዋት ካልተከደነ ግን አፍራሾች ይዞ እንደሚመጣ ቁርጡን ነገራት።

ነፊር ጠራች። እንደ እሷ ያሉት በርታዎች ጎረቤትን ለሥራ መጥራት ነፊር ይሉታል፤ ከወሎ የመጡት ሰፋሪዎች ደግሞ ደቦ። ቀኑን ማክሰኞ ብላ ስትቆርጥ የማን በዓል እንደሚውል አላሰበችም። ሰፋሪዎቹም የተጠሩበትን እንቢ ማለት ነውር መስሏቸው ዝም አሉ። ይሉኝታ እንዲህ ጉድ ያደርጋል።

ማክሰኞ ጠዋት ጎረቤቷ ማህጁብና ጓደኞቹ አሮጌውን ክዳን አውርደው አዲስ ቀርቀሃ ማሰር ጀመሩ። ሰፋሪዎቹ ነጭ ለብሰው መጡ፤ የማሽላውን ገንፎ በባሚያ ወጥ በሉ፤ መረቁ፤ ከሣሩ ክምር አጠገብ ተቀመጡ። ከእነሱ ማንም እጁን አላነሳም። ኢቲዳል መጀመሪያ ስንፍና መስሏት በሆዷ ተቀየመች። በኋላ በቃሉ የሚባለው ሽማግሌያቸው እያፈረ ዕለቱ ሚካኤል መሆኑን፣ በሚካኤል ሥራ እንደማይነኩ ነገራት።

ፊቷ ጠቆረ። የማህጁብ ሰዎች ብቻቸውን እንደማይጨርሱት ግልጽ ነበር። የተጠቀለለችበትን ቶብ ወገቧ ላይ ሸብ አድርጋ አንድ እስር ሣር አነሳችና መሰላሉን ያዘች።

«አያ በቃሉ፣ ቀኑ እኔ ተሳሳትኩ። እናንተ ቁጭ በሉ። እኔ ግን ዛሬ ይጨርሳል።»

ስትናደድ አማርኛዋ ወንድና ሴት ይደባልቃል፤ የዚያን ቀን ግን የሳቀ አልነበረም። በቃሉ ያንን እርጅና መሰላል ላይ ሲያይ ከተቀመጠበት ተነሳ። ወደ ሚስቱ ወደ አሰለፈች ዞረ።

«ከወሎ አምጥተው ሲያራግፉን መጀመሪያ የተጠለልነው እዚህ ነው። ክልክሉ ለራስ መሥራት ነው። ለመንገደኛ ብንሠራ ሚካኤል አይቀየመንም።»

አሰለፈች ነጠላዋን አገልድማ ሣሩን ተሸከመች። ከዚያ በኋላ የተቀመጠ ሰው የለም።

ረቡዕ ጠዋት ሙሉጌታ አፍራሾቹን ይዞ መጣ። ቤቱ ተከድኖ ሲያገኘው ተገረመ፤ ግን በጥድፊያ የተሠራ ስለሆነ ማፍሰሱና ዳግም መስመጡ አይቀርም፣ ይፍረስ አለ። ኢቲዳል ከበሩ ንቅንቅ አላለችም። ገና ሲከራከሩ ዝናቡ መጣ። አውቶቡስ የሚጠብቁት መንገደኞች ዕቃቸውን እያነሱ ወደ ውስጥ ሮጡ፤ አፍራሾቹም ዶማቸውን ይዘው በጎኗ ሾልከው ተከተሉ። ሙሉጌታ ልብሱ እስኪበሰብስ ውጭ ቆመ።

ኢቲዳል ከበሩ ፈቀቅ ብላ መንገድ ለቀቀችለት። ጎንበስ ብሎ ገባ። አንጋጦ ጣሪያውን ዳር እስከ ዳር ተመለከተ፤ ጠብ የሚል ነገር አልነበረም።

«ዶማውን አስቀምጡ» አላቸው አፍራሾቹን።