እናቴ ለፕሮፌሰሩ የነገረቻቸው

ስልኩ የተደወለው ለፋሲካ ገበያው በደራበት ሳምንት ነው። ሱቃችን ያለበት ሸማ ተራ በዚያ ሰሞን መላወሻ የለውም። አንዲት ደንበኛ ፊቴ ቆማ የነጠላውን ጥለት በጣቷ እየዳበሰች ሳለ አነሳሁት። ደዋዩ ከአንድ ቤተ መጻሕፍት የሰነድ ክፍል እንደሆነ ነገረኝ። ድምፁ የወጣት ነው። የእናቴን ስም ከነአባቷ ጠርቶ፣ «በሕይወት አሉ?» አለኝ።

«አለች፤ እዚሁ አጠገቤ ተቀምጣለች» አልኩት።

«እንግዲያው እንዲመጡልን እንፈልጋለን። ያለ እሳቸው ፈቃድ የማይከፈት አንድ ፋይል አለ።»

ከአንዋር መስጊድ ጀርባ በምንኖርበት ግቢ፣ ከጓሮ ባለችው ክፍል አንድ ገጣሚ ተከራይተው ይኖሩ ነበር። እኔ ነፍስ ሳውቅ ግን ልብስ ሰፊ ነበሩ። እናቴ ከሱቃችን የምትወስድላቸውን ሸማ ቀሚስ አድርገው ይመልሱላታል፤ ዓመታት አብረው ሠርተዋል። በወጣትነታቸው አንድ የግጥም መጽሐፍ አሳትመው ስማቸው እንደተጠራ፣ ከዚያ ወዲህ አንድ መስመር እንኳ እንዳልጻፉ የሰማሁት ከሞቱ በኋላ ነው። የነገሩኝም ስለ እሳቸው ሕይወትና ሥራ ያጠኑ የነበሩ አንድ የዩኒቨርሲቲ መምህር ናቸው። ተራው በሙሉ «ፕሮፌሰሩ» ነበር የሚላቸው።

ፕሮፌሰሩ ቅዳሜ ቅዳሜ ከሰዓት ይመጣሉ። ዱካ ላይ ተቀምጠው ቴፓቸውን በተጣጠፈ ጋቢ ላይ ያስቀምጡና እናቴን ይጠይቃሉ። ገዢ ሲመጣ ቴፑን ያቆማሉ፤ ገዢው ሲሄድ ይቀጥላሉ። ጥያቄያቸው የትም ዞሮ መጨረሻው ያው ነበር።

«ገጣሚው ለምን መጻፍ አቆሙ፣ እትዬ?»

«እኔ ምን አውቃለሁ ጋሼ። ሥራ ነበራቸው፤ ይሰፉ ነበር» ትላቸዋለች።

«የሆነ የሰበራቸው ነገር መኖር አለበት» ይላሉ። በሳምንቱ ደግሞ ይመጣሉ።

እንዲህ እያሉ ብዙ ጊዜ ተመላለሱ። አንድ ወቅት ላይ መምጣቱን ተዉት። ቆይተው አረፉ። ቤተሰቦቻቸው ወረቀቶቻቸውን በካርቶን በካርቶን አድርገው ለዚያ ቤተ መጻሕፍት እንደሰጡ ያወቅነው በስልኩ ነው።

በዓሉ ካለፈ በኋላ ማክሰኞ ቀን ሄድን። እናቴ አዲስ ነጠላ አወጣች፤ ለቅሶ ቤትም ሠርግም ያልለበሰችውን። የጠራን ወጣት ግራጫ ጋዋን ለብሶ ጠረጴዛው ላይ አንድ ካርቶን አዘጋጅቶ ጠበቀን። «እማማ፣ ይቀመጡ» ብሎ ወንበር ሳበላት። ከካርቶኑ ውስጥ በክር የታሰረ ፋይል አወጣ። የፋይሉ ሽፋን ላይ የሴት ስም ተጽፏል።

ስሙን ሳየው አወቅሁት። ደሴ ይኖሩ የነበሩት የእናቴ አክስት ስም ነው። እናቴ መነጽሯን አድርጋ ጎንበስ አለች፤ ከዚያ መነጽሯን አውልቃ ጭኗ ላይ አስቀመጠችው።

«አንብቢልኝ» አለችኝ።

ፊተኛው ወረቀት ከቴፕ የተገለበጠ ነው። ፕሮፌሰሩ ይጠይቃሉ፤ እናቴ ትመልሳለች። «ሴት ነበረቻቸው ጋሼ። የደሴ ሴት። ሌላ ሰው አገባች። ከዚያ ወዲያ ብዕር አልነኩም» ትላለች። ስሟን ይጠይቋታል፤ ትነግራቸዋለች። ከሥሩ ሌሎች ወረቀቶች አሉ፦ ሴትዮዋን ለማፈላለግ ለአብያተ ክርስቲያናት የተጻፉ ደብዳቤዎች፣ የደሴ አውቶቡስ ትኬቶች፣ ማስታወሻዎች። ፕሮፌሰሩ ደሴ አምስት ጊዜ ተመላልሰዋል። በመጨረሻ አንድ ፎቶግራፍ አለ፤ የመቃብር ድንጋይ። የአክስቷ መቃብር ነው፤ እኔም ለተዝካር ሄጄ አይቼዋለሁ።

«አክስቴን! እትዬን!» አለች እናቴ። «ዘጠኝ ልጅ የወለደችውን! ሸማ ተራን አንድ ቀን እንኳ ረግጣው አታውቅም!»

ወጣቱ ግራ ገብቶት ያየኛል። እኔም እሷን አያለሁ።

«ውሸት ነው?» አልኳት።

«ውሸት ነው።»

«ለምን?»

የነጠላዋን ጫፍ ትጠቀልላለች፣ ትፈታለች።

«የፕሮፌሰሩ ሚስት የሞቱባቸው ሰሞን ነበር» አለች ኋላ። «ጥቁር ለብሰው መጡ። ያንኑ ጥያቄ ጠየቁኝ። ሁልጊዜ ባዶ እጃቸውን ነው የምሰዳቸው፤ ያን ቀን አንድ ነገር ይዘው ይሂዱ አልኩ። ስሟን ሲሉኝ አፌ ላይ የመጣው የእትዬ ስም ነው። ደሴ ድረስ ይሄዳሉ ብዬ መች አሰብኩ!»

«ሲመለሱስ አልነገሩሽም?»

«ነገሩኝ እንጂ። ጫማቸው ጭቃ እንደነካው መጥተው፣ ‹አገኘኋቸው፤ ዐርፈዋል› አሉኝ። ‹ነፍስ ይማር› አልኳቸው። ውኃ ሰጠኋቸው። እውነቱ አፌ ላይ መጥቶ ነበር… ግን ፊታቸው ፈክቶ አየሁት። ከሐዘናቸው ወዲህ እንደዚያ ሆነው አይቻቸው አላውቅም። ተውኩት።»

በፋይሉ የመጨረሻ ገጽ ላይ ፕሮፌሰሩ በእጃቸው ጽፈዋል። ወጣቱ ራሱ አነበበልን፦ ሴትዮዋ ባለትዳር የነበሩና ልጆቻቸውም በሕይወት ያሉ በመሆናቸው ፕሮፌሰሩ ልጆቹን ላለመጠየቅና ታሪኩንም ላለማሳተም ወስነዋል። ከእሳቸው ሞት በኋላ ፋይሉ ለአንባቢ እንዲከፈት መፍቀድ የምትችለው ታሪኩን የነገረቻቸው ሴት ብቻ ናት።

እናቴ ያኔ ነው ያለቀሰችው። ድምፅ አላሰማችም፤ በነጠላዋ ጠረገችና ወጣቱን፣ «ልጄ፣ ቅደደው» አለችው።

«እማማ፣ እዚህ ቤት የገባ ወረቀት አይቀደድም» አላት። «መጨመር ግን ይቻላል። እውነቱን ይጻፉና ከጎኑ እናስቀምጠዋለን።»

ነጭ ወረቀት ሰጠኝ። እሷ እየነገረችኝ ጻፍኩ። በመጀመሪያ ሴቲቱ አክስቷ እንደሆነችና ገጣሚውን ጨርሶ እንደማታውቃቸው አስጻፈችኝ። ይቅርታ የሚለውን ቃል ሁለት ጊዜ አስገባችው። ከዚያ እንዲህ አለች፦

«አንድ ቀን እኔም ገጣሚውን ጠይቄያቸው ነበር። የቀሚስ ዘርፍ አጥፈው እየሰፉ ነበር። ‹ጋሼ፣ ለምን አይጽፉም?› አልኳቸው። ‹ያለኝን ተናግሬ ጨረስኩ እኮ› አሉኝ። መርፌውን ክር እንዳስገባላቸው ሰጡኝ። አላዘኑም። እሱንም ጻፊው፤ አላዘኑም በይ።»

«ይኼን ለፕሮፌሰሩ ነግረሻቸዋል?» አልኳት።

«የመጀመሪያ ቀን የነገርኳቸው እኮ እሱን ነው! አላመኑኝም።»

ወጣቱ ይህን ሲሰማ ተነሳና ሌላ ካርቶን አመጣ። የመጀመሪያዎቹ ቅዳሜዎች ንግግር እዚያ ነበር። ጥቂት ገለባብጦ አገኘው። መርፌውም፣ ክሩም፣ የገጣሚው መልስም እንዳለ ተጽፏል። ከጎኑ ባለው ባዶ ቦታ ላይ ፕሮፌሰሩ በእርሳስ «የማምለጫ መልስ» ብለው ምልክት አድርገውበታል። ለእናቴ አነበብኩላት።

«የማን ማምለጫ?» አለች።

የፋይሉን መክፈቻ ፈቃድ ከመፈረሟ በፊት ደሴ ልደውል አለች። የአክስቷን ትልቋን ልጅ አገኘቻት። ሴትዮዋ እሷም አርጅታለች። እናቴ ጉዳዩን እየተንተባተበች ነገረቻት፤ ይቅርታ ጠየቀቻት። በስልኩ ውስጥ ሳቅ ብቻ ይሰማል፤ ወጣቱ ሳይቀር ሰማው።

«እማዬ? ገጣሚ?» ትላለች ሴትዮዋ ትንፋሽ እስኪያጥራት። «ኧረ ብትሰማው እንዴት ደስ ባላት! ተይው፣ ይከፈት!»

እናቴ ፈረመች። ፋይሉ እንዲከፈት የፈቀደችው ግን የጻፍነው ወረቀት ከላይ ከሆነ ነው። ወጣቱ እሺ ብሎ እፊቷ ከላይ አድርጎ በክሩ አሰረው። ስንወጣ እስከ በሩ ሸኘን።

ታክሲ ውስጥ ብዙ አላወራችም። አውቶቡስ ተራ ስንደርስ ብቻ፣ «አምስት ጊዜ» አለች። «ያን መንገድ አምስት ጊዜ።»

ከጥቂት ወራት በኋላ አንዲት ተማሪ ሱቃችን መጣች። ወረቀታችንን አንብባዋለች። የመመረቂያ ጽሑፏን በገጣሚው ላይ እየሠራች ነው። ስልኳን ለመቅጃ እናቴ ፊት አስቀመጠችና ጠየቀቻት፦ የስፌት ሥራቸው ግጥማቸውን ተክቶት ይሆን? በፖለቲካው ተስፋ ቆርጠው ይሆን? ሃይማኖተኛ ነበሩ?

«አላውቅም» አለች እናቴ። ለሚቀጥለውም፣ ከዚያ ለሚቀጥለውም እንዲሁ። ልጅቷ ፊቷ እየጠቆረ መጣ። ምን ዓይነት ክር ይወዱ እንደነበር ስትጠይቃት ግን እናቴ ተነስታ ሣጥን ከፈተችና ገጣሚው የሰፉትን አንድ ቀሚስ አወጣችላት። ልጅቷ ጥለቱን ፎቶ አነሳች፤ ዘርፉን ገልብጣ የውስጡን ስፌት አየች። እናቴ የትኛው በእጅ፣ የትኛው በመኪና እንደተሰፋ እያሳየቻት ቆሙ፤ ሁለት ገዢ መጥተው እኔ አስተናገድኳቸው።