የቀይ አፋፍ ጦስኝ

«ጀንበር ሳትወጣ ቀይ አፋፍን ያዙ» የሚለው ትእዛዝ ለወታደሮቹ ሲመጣ እኔ መካነ ሰላም ገበያ ዳር ቅጠሌን ዘርግቼ ተቀምጬ ነበር። ቀይ አፋፍ ወደ ወግዲ ስትሄዱ ከመንገዱ በላይ የምትታይ ራሰ በራ ኮረብታ ናት። ዛፍ የላትም። ድንጋይ ነው፣ በድንጋዩ መሀል ደግሞ መሬት ላይ ተለጥፎ የሚያድገው ጦስኝ፤ ያ ሻይ ላይ የምትጨምሩት።

እኔ ዕድሜዬን ሁሉ ከኩታበር ማሻ፣ ከማሻ ወግዲ ቅጠል እየለቀምኩ ስዞር ነው የኖርኩ። አቋራጩን አውቀዋለሁ። የመቶ አለቃው፣ የልጄ እኩያ ነው፣ «እማማ፣ መንገዱን አሳይተውን ይመለሳሉ» አለኝ። አሳየሁ። አልተመለስኩም። ጠመንጃ አልያዝኩምና ወታደር ነበርኩ ብዬ አልፎክርም። «እኛ» ስላችሁ ግን እነዚያን ልጆችና ራሴን ነው። እነሱም እንዲያው ነበር የሚሉኝ።

ኮረብታዋን ያዝን። ጠዋት ተኩስ ተከፈተ። በደረታችን ተኛን። መለስን። ረፋድ ላይ ጋብ አለ። ከልጆቹ ይመር ሞቶ ነበር። ጌታሰው ጭኑን ተመትቷል።

ሐኪማችን ዘሃራ ነበረች። የመካነ ሰላም ልጅ ናት፤ እህቷ ጅዳ ሠርታ ነው ያስተማረቻት። ዩኒቨርሲቲ ሆና ከቅጠል ውስጥ ያለውን እያወጣች ጀርም ላይ ትሞክር ነበር አሉ። ጦርነቱ ሲመጣ ትምህርቱ ተቋረጠ፣ የቁስለኛ አያያዝ ተማረችና ከእኛ ጋር ወጣች። ቀጭን ናት፤ ቁስለኛ ስታነሳ ግን ጉልበቱ ከየት እንደሚመጣ አላህ ይወቀው።

ከኋላችን መንገዱ ተቆረጠ። የቁስል ማጠቢያው አለቀ። የጌታሰው ጭን ማበጥ፣ ከዚያም መሽተት ጀመረ። ጌታሰው ገበሬ ነው። «እግሬን ከቆረጣችሁት በሬዎቼን በምን ልከተላቸው?» ይላል ደጋግሞ። ወደ እኔ ዞሮ ደግሞ፣ «እማማ፣ እባክዎ ያንን የቅጠል ዱቄትዎን ይነስንሱብኝ!»

ቋጠሮዬን ስፈታ ዘሃራ እጄን ያዘችኝ።

«እማማ፣ በአላህ ይዤዎታለሁ። ክፍት ቁስል ላይ ዱቄት አይሆንም። ከቅጠሉ ጋር አፈሩም ይገባል፤ አፈሩ ነው የሚገድለው።»

«እና ቅጠሉ ከንቱ ነው?»

«አላልኩም። የሚጠቅመውን ከአፈሩ ለይተን እናውጣው ነው የምለው። ምን ምን አለበት?»

ዝም አልኩ። በእኛ ዘንድ የመድኃኒት ስም አይነገርም፤ ከተነገረ ይረክሳል። ሲለቀምም በባዶ ሆድ ነው፣ ጥላ ሳያርፍበት። ቅጠሉ እጅ ላይ እያለ ሰላምታ እንኳ አይመለስም። እናቴ ያስተማረችኝ ይኸው ነው። ዘሃራ ቋጠሮውን አሸተተችና ሳቀች።

«ዝም ይበሉ ግድ የለም፤ አፍንጫዬ ነገረኝ። ጦስኝ ነው። እሱማ ኮረብታው ሙሉ ነው! ብዙ ይልቀሙልኝ።»

ጎህ ሳይቀድ ወረድኩ። ነጠላዬን ሞልቼ አቀበቱን ስመለስ ደምሴ ዘብ ቆሟል።

«ቁም! ማነህ?»

ቅጠል ይዣለሁ፤ አፌ እንዴት ይከፈት?

«ተናገር! እተኩሳለሁ!»

ጠመንጃውን ሲያቀባብል ሰማሁት። ቆምኩ እንጂ አልተናገርኩም። ያን ጊዜ ከላይ የዘሃራ ድምፅ መጣ።

«ደምሴ፣ እንዳትተኩስ! ጦስኝ ይሸተኛል፤ እማማ ናቸው!»

ደምሴ ጠመንጃውን አውርዶ እየሮጠ ደረሰ። «ምን ነካዎት? አፍ የለዎትም?» ይላል። ነጠላዬን ዘሃራ እግር ሥር አውርጄ ስጨርስ ነው «እንደምን አደራችሁ?» ያልኩት። ልጆቹ በሳቅ ፈነዱ። ደምሴ ግን፣ «ወይ ጉድ! የተማረከ እንኳ ስሙን ይናገራል» አለ። የመቶ አለቃው አልሳቀም። «ከእንግዲህ ቅጠል ለቃሚም ቢሆን ሲጠየቅ ይመልሳል፤ ትእዛዝ ነው!»

ዘሃራ አጠገቤ ቁጢጥ አለች። «እማማ፣ የዚህ ቅጠል ኃይሉ ከዝምታዎ አይደለም። እሱም ስም አለው፣ ውስጡ ያለውም ስም አለው። ታይሞል ይባላል።» ጮክ ብላ! እኔ ደነገጥኩ። ስሙ ተጠርቶ ኃይሉ ቢሄድስ? ዕዳው የጌታሰው እግር ነው።

ከኮረብታዋ ጀርባ ሰው የለቀቃት ጎጆ ነበረች፤ አረቄ ይወጣባት የነበረች። ዘሃራ እንስራውንና መቃውን አስመጣች። ጦስኙን ከውሃ ጋር እንስራው ውስጥ ጨምራ እሳት ላይ ጣደችው። አፉን በጭቃ መረገች። መቃውን ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ ወደተቀመጠ ማሰሮ ዘረጋች።

ጥላዬ የሚባል ቀልደኛ ነበረን። «ዘሃራ፣ አረቄ ጀመርሽ? አባትሽ ቢሰሙ!» አላት።

«ወላሂ በጉሮሮህ ጠብ አይልም! ለቁስላችሁ ነው።»

«እንግዲያው እኔም ልቁሰል!»

እሳቱን እየቆሰቆሰች አስረዳችኝ። ቅጠል እንደ ሱቅ ነው አለችኝ፤ እያንዳንዱ ዕቃ የየራሱ ቁልፍ አለው። መራራው በውሃ ሲፈላ ይወጣል። አንዳንዱ በአልኮል ካልሆነ ንቅንቅ አይልም። የሚሸተው ደግሞ ከእንፋሎት ጋር ይበራል፤ ድስቱን ከፍታችሁ ካፈላችሁት ቤቱን ያውዳል እንጂ ለበሽተኛው አይተርፍም። ለዚህ ነው በመቃው ይዛ የምታቀዘቅዘው። ስንት ዘመን ክፍት ድስት ላይ ጎንበስ ብዬ ኖሬያለሁ፤ መድኃኒቱ በአፍንጫዬ በኩል ሲሄድ አላወቅኩም።

ማሰሮው ውስጥ የጠራ ውሃ ተጠራቀመ። በላዩ እንደ ቅቤ ዓይን ዓይን የሚል ዘይት ሰፈፈ።

«ዘይቱ ብቻውን ሥጋ ያቃጥላል» አለች። «ውሃው ይበቃናል። ጀርም እንደ ልብስ የሚሸፍነው ነገር አለው፤ ይህ ያንን ልብስ ይቀድበታል።»

መጀመሪያ የራሷን ክንድ በምላጭ ጫረችና አፈሰሰችበት። እኛ ዙሪያዋን ከበን ክንዷን አየን። እስኪመሽ ጠበቀች። ክንዷ አልቀላም፣ አላበጠም። በማግስቱ የጌታሰውን ቁስል ከፍታ መግሉን አወጣች፣ በጦስኙ ውሃ አጠበች። ጌታሰው የመቶ አለቃውን ክንድ ነክሶ ያዘ። «ይህ የሐኪም ቤቱን አይተካም» አለችን፤ «መንገድ እስኪከፈት ግን ያቆየናል።»

እኔ በየማለዳው ወረድኩ። ደምሴ «ማነህ?» ሲል «ጦስኝ ይዤ መጣሁ!» እላለሁ። በመጀመሪያው ቀን ያቺን ቃል ተናግሬ ቅጠሌን አሸተትኩት፣ ኃይሉ እንዳለ ለማየት። ዘሃራም ጠዋትና ማታ ታጥባለች። እብጠቱ ጎደለ። ሽታው ጠፋ። አንድ ቀን ጌታሰው «ራበኝ» አለ። ዘሃራ ፊቷን አዙራ በሻሿ እንባዋን ጠረገች።

የመጨረሻው ውጊያ ከቀትር በኋላ ሆነ። ከሁለት ወገን መጡብን። አሊ ወደቀ። ጥላዬ ወደቀ። ደምሴ ቆስሎ ከምሽጉ ውጪ ቀረ፤ ይጣራል። ዘሃራ ወጣች። የመቶ አለቃው «ተመለሽ!» ብሎ ጮኸ። አልተመለሰችም። ደምሴን ይዛ ስትጎትት ሁለቱንም መቷቸው።

አመሻሽ ላይ ረዳት ጦር ደረሰ። መንገዱ ተከፈተ። ጌታሰውን በቃሬዛ አወረድነው፤ ሐኪም ቤት እግሩን አልቆረጡትም። ዛሬ ትንሽ ያነክሳል። በሬዎቹን ግን ይከተላል። ገበያ ሲወጣ እኔ ዘንድ ሳይቀመጥ አያልፍም።

ቀይ አፋፍ ላይ አምስት ሰው ቀረብን። ይመር፣ አሊ፣ ጥላዬ፣ ደምሴ፣ ዘሃራ። አምስቱንም ጥይት ነው የወሰደብን። ለጥይት ጦስኝ አይሆንም። ቁስሉ አመርቅዞ የሞተብን ግን አንድም ሰው የለም። ያ የእሷ ሥራ ነው፤ በእንስራና በመቃ፣ በሃያ ምናምን ዓመቷ።

አሁንም እዞራለሁ፣ ጉልበቴ እስከፈቀደ። ገበያ ላይ ልጃገረዶች ቅጠሌን እያነሱ «እማማ፣ ይህ ምንድን ነው?» ይሉኛል። ጦስኝ ነው እላቸዋለሁ፣ ጮክ ብዬ። ስታፈሉት ክደኑት እላለሁ። ማን እንዳስተማረኝ ከጠየቁኝ የአምስቱንም ስም እጠራለሁ፤ የእሷን መጨረሻ ላይ።

ስሙ ስለተጠራ ኃይሉ የሄደ ነገር እስከ ዛሬ አላየሁም።